በልብስ ሰፊው ግድግዳ ላይ የነበረው መስመር

ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ስለሚሻለኝ ነው። በሰፈራችን የእንጨት ሥራ የምሠራው እኔ ብቻ ብሆንም አናጢው ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ ደንባራው ነው የሚሉኝ። እናቴ ሳትቀር "እንቁራሪት የሚያስደነብረውን ወንድ የትኛዋ ሴት ታገባዋለች" እያለች ነው አርባ ዓመት ያደረሰችኝ። ስሙን በከንቱ አላወጡልኝም። ሁለት ጊዜ፣ ወንዙ ገና ማጉረምረም ሲጀምር የሰፈሩን ደወል ደውዬ ሃያ ሁለት አባወራ አልጋውንና ድስቱን ተሸክሞ ዳገት እንዲወጣ አድርጌያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ውሃው ሳይመጣ ቀረ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤቴ ቁም ሳጥኗን መልሳ እያወረደች የተናገረችኝን እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ የደወሉን መዶሻ ከእኔ ሸሽገው ልብስ ሰፊው ቤት አስቀመጡት።

እኛ ወንዝ ዳር የተወለድን ሰዎች አይደለንም። የመጣነው ከታች፣ ከባሕሩ አጠገብ ነው። ባሕሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀረበ መጀመሪያ የጉድጓዳችንን ውሃ ጨው አደረገው፣ ቀጥሎ እርሻውን በላው፣ በመጨረሻ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ተነሥተን ስንመጣ ከተማው ለመጤ የሚሰጠው ሌላ ሰው ያልፈለገውን መሬት ስለሆነ ወንዙ ሥር አሰፈረን። ዝናቡ ደግሞ የድሮው ዝናብ አይደለም፤ ወራቱን ረስቶ ይከርምና የሦስት ወሩን በሦስት ቀን ያወርደዋል። እንደገና ተነሥተን ወዴት እንሄዳለን? መሄጃ የሌለው ሰው ያለበትን ቦታ ማበጀት ነው ያለው። ስለዚህ ተማከርን።

የመጀመሪያው ብልሃት የእናቴ ነው። ከሰፈራችን ወደ ዳገቱ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መሐል ላይ ይጎደጉዳል። ዝቅታው እንለዋለን። ወንዙ ሲሞላ ከቤቶቻችን በፊት የሚሰምጠው እሱ ነው፤ እሱ ከሰመጠ ደግሞ መውጫ የለንም። በመጀመሪያው ጎርፍ፣ ያኔ እግሯ ደህና ስለነበር፣ እናቴ ሄዳ ዝቅታው ውስጥ ቆመች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ "አሁን" ብላ ጮኸች። ልብስ ሰፊው በዚያችው ቅጽበት ውሃው የነካውን የቤታቸውን ግድግዳ በቢጫ ቀለም አሰመሩበት። የእሳቸው ቤት ወንዙ ዳር የመጀመሪያው ስለሆነ ከሁሉም ደጃፍ ይታያል። ደንቡ ለማንም የማይከብድ ነበር። ውሃው መስመሩን ከነካ ዝቅታው ጉልበት ድረስ ሞልቷል ማለት ነው፤ ደወል ይደወላል፣ ሰው ይወጣል። እኔ ሁለት ጊዜ ከደነበርኩ በኋላ ደንቡ ጠበቀ፤ መስመሩ ሳይነካ ደወሉን የሚነካ የለም ተባለ።

ሁለተኛው ብልሃት የእኔ ነው። ቤቶቹን ከፍ እናድርጋቸው አልኩ። ቤቶቻችን የጣውላና የቆርቆሮ ስለሆኑ ከባድ አይደሉም። የጭነት መኪና ክሪክ ተዋስን፤ አንዱን ማዕዘን በክሪክ እያነሣን፣ ውሃ ልክ እያስቀመጥን፣ ከሥሩ ወፍራም ግንድ እየተከልን ሃያ ሁለቱንም ቤቶች ሰባ ሰባ ሳንቲሜትር ከመሬት አነሣናቸው። ቤት ሲነሣ እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ እኔም አብሬው ሳቃስት ነው የከረምኩት። የልብስ ሰፊውን ቤት ሳነሣማ ቢጫው መስመር ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አልወጣም። ሰው ተሰብስቦ አደነቀኝ፤ ለአንድ ሳምንት ደንባራው የሚለኝ ጠፋ። የራሴን ቤት ያነሣሁት መጨረሻ ላይ ነው። ግንድ አልቆብኝ አንዱ ማዕዘን ክሪኩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ነገ እተክልለታለሁ እያልኩ ለማንም ሳልናገር ዝናቡ ቀደመኝ።

ዝናቡ በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ለዚያ ማዕዘን ግንድ ልገዛ ወጣሁ። ዝቅታው ውስጥ ስገባ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን፣ ከዚያ ባቴን፣ ከዚያ ጉልበቴን ያዘኝ። ቆምኩ። ጉልበቴ ላይ ነው። ዞር ብዬ የልብስ ሰፊውን ግድግዳ አየሁ። ቢጫው መስመር ደረቅ ነው፤ ውሃው እስኪነካው ገና ሦስት ስንዝር ይቀረዋል።

መጀመሪያ ፍርሃቴ ዓይኔን ያጭበረበረኝ መሰለኝ፤ እንዲህ ያደርገኛል። ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን በእጄ ነካሁት። ውሃው እዚያው አለ። እንደገና መስመሩን አየሁ። ከዚያ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝና ቀልቤ ተገፈፈ። መስመሩ ከቤቱ ጋር ተነሥቷል። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ በጥንቃቄ፣ ቀለሙ እንኳ ሳይሰነጠቅ። መንገዱን ግን ማንም አላነሣውም። ቤቶቹ ሁሉ አብረው ከፍ ስላሉ ከየደጃፉ ሆኖ ለሚያየው ሰው መስመሩ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሃያ ሁለት አባወራ ደጃፉ ላይ ቆሞ ገና ነው እያለ ነበር።

ከፊቴ ስድስት እርምጃ ላይ ደረቅ መሬት አለ። እውነቱን ልናገርና ሦስቱን ተራምጃለሁ። እግሬ ራሱ ነው የወሰደኝ ብል ማን ያምነኛል? አራተኛውን ላነሣ ስል እናቴ በዓይኔ ላይ መጣች። ብቻዋን ናት፤ እግሯ ከከዳት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ተመለስኩ፤ እንደ ጀግና ግን አይደለም፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነው።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ። ሜትራቸው እንደ ልማዳቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ጋሼ፣ ደወሉን ይደውሉ። መንገዱ ሊዘጋብን ነው።"

"ጀመረህ ደግሞ?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ዝቅታው ጉልበቴ ላይ ደርሷል።"

"መስመሩስ?"

"መስመሩ ልክ አይደለም።"

ይሄኔ መኪናውን አቆሙት። "አንተ ልጅ፣ ያ መስመር የእናትህ መስመር ነው። ምን ማለትህ ነው?" ተነሥተው ወደ ደጃፉ ወጡ፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ከበሩ ደፍ ወደ ታች እስከ መስመሩ ለኩ። "ሃያ ሳንቲም። ሳሰምረውም ሃያ ነበር፣ ዛሬም ሃያ ነው። ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?"

"ደፉም አብሮ ተነሥቷላ፣ ጋሼ። እርስዎም ተነሥተዋል። ሁላችንም በሰባ ሳንቲም ተነሥተናል። ዝቅታው ነው ያልተነሣው።"

ሜትሩን እንደዘረጉ ቀሩ። ነገሩ ሲገባቸው አየሁ፤ ገብቷቸው ደግሞ ሲገፉት አየሁ። ደሜ ፈላ። ከእኔ ሌላ ማንም ቢነግራቸው ይህን ጊዜ መዶሻው እጃቸው ላይ ነበር።

"ስማኝ ወንድሜ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሦስተኛ ጊዜ በከንቱ ከደወልን ከእንግዲህ ይህን ደወል የሚሰማ ሰው አይኖርም። ያኔ እውነተኛው ሲመጣ አለቅን። እናትህ ትበል። እሷ ካለች እደውላለሁ።"

እናቴ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው ራሷ ያሰመረችውን መስመር አታየውም፤ በጎርፍ ጊዜ እያየሁ የምነግራት እኔ ነኝ።

"ደረሰ?" አለችኝ የእግሬን ኮቴ ስትሰማ።

"አልደረሰም። ግን እማዬ፣ መስመሩን እኔ አበላሽቼዋለሁ።" ያለ እረፍት ዘረገፍኩላት። ክሪኩን፣ ሰባውን ሳንቲም፣ ዝቅታውን፣ ልብስ ሰፊው የለኩትን።

ስጨርስ እጇን ዘርግታ እርጥብ ሱሪዬን ከታች ወደ ላይ እየዳሰሰች ሄደችና ደረቁ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"እዚህ ድረስ ነው የነካህ?"

"አዎ፣ ጉልበቴ ላይ ነው።"

"ያንተ ጉልበት የእኔ ጭን ነው፣ ልጄ" አለች።

በቁመት እናቴ ደረቴ ላይ ነው የምትደርሰው። እኔ መውጫው ሰዓት ገና መድረሱ መስሎኝ ነበር የተንቀጠቀጥኩት፤ ሰዓቱ ግን ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ አዲሱ መስመር ዝቅታው ውስጥ በተተከለ ብረት ላይ፣ በሰፈሩ ትንሿ ልጅ ጉልበት ልክ ተሰምሯል። ያን ቀን ይህን የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረንም።

"ሂድ፣ እሷ ናት ያለችው በላቸው" አለች። "የሰፈሩን ቃሬዛ ደግሞ ወደ እኔ እንዳያመጡት።"

"ደንቡ አቅመ ደካማ ይቅደም ነው የሚለው።"

"ደንቡን ያወጣነው ጊዜ እያለን ነው። አራት ወንድ እኔን ሲሸከም ስንት ሕፃን ይሻገርበታል? እኔን አንተ መጨረሻ ላይ በጀርባህ ታወጣኛለህ። አሁን አትከራከረኝ።"

ደወሉ ተደወለ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ መጀመሪያ ያየው መስመሩን ነው። ደረቅ መሆኑን ሲያይ ሁለት ሦስቱ ወደ እኔ ዞረው ሊስቁ ዳዳቸው። ልብስ ሰፊው ግን መዶሻውን ሳያቆሙ እናቴ ደውሉ ማለቷን ተናገሩ፤ ያኔ የሚስቅ ጠፋ። ዝቅታው ጋ ስንደርስ ውሃው ጭኔ ላይ ነበር። ለዚህ ቀን ብዬ ወዲህና ወዲያ ቀድሜ በተከልኳቸው ሁለት ግንዶች ላይ ገመድ ወጠርን። ልብስ ሰፊው ገመዱ ሥር ቆመው በየቤቱ ተራ ይጠሩ ጀመር። ሕፃን ትከሻ ላይ፣ ጀሪካን ክንድ ላይ፣ አንዱ ባዶ የብረት አልጋውን ራሱ ላይ። የሚጮኽ አልነበረም። ሕፃናቱ እንኳ አላለቀሱም፤ ከሁሉ ያስፈራኝ የእነሱ ዝምታ ነው። የመጨረሻዎቹ ሲሻገሩ ውሃው ወገባቸውን አልፎ ገመዱን ባይዙ ይወስዳቸው ነበር።

ሮጬ እናቴን በነጠላዋ ጀርባዬ ላይ አሰርኩና ተመለስኩ። ልብስ ሰፊውም ተሻግረው ነበር፤ ከወዲያ ማዶ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። ገባሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ውሃው እምብርቴን አልፎ የእናቴን እግር ሲጎትት ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ፤ ነጠላው መላላት ጀመረ። ገመዱን በሁለት እጄ ካልያዝኩ እወሰዳለሁ፣ በሁለት እጄ ከያዝኩ እሷን የሚይዛት የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይሻገር ነበር ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ፈራሁና ተመለስኩ። ስወጣ ቀና ብዬ መስመሩን አየሁት። መንገዱ ለእኔ ተዘግቶ እሱ ገና ደረቅ ነበር።

"ግዴለም፣ ተመለስ" ብለው ጮኹ ልብስ ሰፊው ከማዶ። "ቤትህ ይይዛችኋል። እስኪጎድል እዚያው ቆዩ።"

አናጢው ነኝና የአናጢው ቤት ይይዛል ብለው አስበው ነው። ግንድ አልቆብኝ አንዱ ማዕዘን ክሪክ ላይ ነው ብዬ መልሼ መጮኽ ነበረብኝ። እናቱን ይዞ ከመንገድ የተመለሰ ሰው ደግሞ ይህን ይጨምር? አፌ አልታዘዝ አለኝ። እጄን አውለብልቤ ገባሁ።

ውሃው መጀመሪያ በወለሉ ጣውላዎች መሐል ብቅ አለ፤ ቡናማ፣ ዝም ያለ ውሃ። እናቴን አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። አልጋው ሲርስ ጠረጴዛ ላይ አወጣኋት። ከሥራችን፣ ከዚያ ማዕዘን፣ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ክሪኩ የተቀመጠው አፈር ላይ ነው፤ አፈሩ እየራሰ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ቋ አለ፤ ወለሉም ጥቂት ወደዚያ አዘነበለ። ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ። ይህን ቤት በገዛ እጄ ነው ያነሣሁት፤ ሲወድቅ እንዴት እንደሚወድቅ ከማንም በላይ አውቃለሁ። መጀመሪያ ማዕዘኑ ይሰምጣል፣ ከዚያ የተቀሩት ሦስት ግንዶች ይጣመማሉ፣ ከዚያ ጣሪያው ወደ ውስጥ ይመጣል።

"ደረሰ?" አለችኝ እናቴ።

በመስኮቱ አየሁ። ቢጫ የነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ ነው ያለው።

"ገና ነው፣ እማዬ" አልኳት። "ስንዝር ያህል ይቀረዋል። አይዞሽ፣ አታስቢ።" ድምፄ የእኔ አይመስልም። እርግት ያለ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ነበር፤ ራሴም ገረመኝ።

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች።

"አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ረግተህ አነጋግረኸኝ አታውቅም" አለች። "አንተ ካልፈራህ አልቆልናል ማለት ነው። እውነቱን ንገረኝ።"

"አልፎታል" አልኩ። "ማዕዘኑም ክሪክ ላይ ነው። ግንድ አልቆብኝ ነበር። እየሰመጠ ነው።"

"ለእነሱ ነግረሃቸዋል?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ለምን?"

"አፈርኩ።"

"እፍረቱን ለሌላ ቀን አቆየውና ጩኽ" አለች። "እንደምትችልበት ጩኽ።"

መስኮቱን ከፍቼ ጮኽኩ። ደወሉን ሁለት ጊዜ በከንቱ ያስደወለኝ፣ በልጅነቴ ከእንቅልፌ እየቀሰቀሰ ቤቱን የሚያምሰው፣ ሰው ሁሉ የሳቀበት ፍርሃት አንድም ሳይቀር ወጣ። ክሪኩን ተናገርኩ። ግንዱን ተናገርኩ። ለማንም ሳልናገር መቅረቴን ተናገርኩ። ቤቱ ሊወድቅ ነው፣ እናቴ ጠረጴዛ ላይ ናት፣ ፈርቻለሁ፣ ኑልኝ አልኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም።

ከማዶ ዳገቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ዓይኔ ደብዝዞ ቢሆንም ይህን በደንብ አይቻለሁ፦ ወደ ልብስ ሰፊው ግድግዳ የዞረ አንድ ሰው አልነበረም። ያን የብረት አልጋ ገለበጡት፤ ባዶ ጀሪካኖቹን ከሥሩ አሰሩ፤ ማሰሪያ ሲያጥራቸው ልብስ ሰፊው ያወጡትን ጣቃ ጨርቅ በጥርሳቸው እየቀደዱ ሰጧቸው። ቁም ሳጥኗን አስወጥቼ ያስወረድኳት ጎረቤቴ ጀሪካን አቀባይ ሆና አየኋት። ሁለተኛ ገመድ አልጋው ላይ ቋጠሩ። ከዚያ አምስት ወንዶች የተወጠረውን ገመድ ይዘው ገቡ። ከፊት ልብስ ሰፊው ነበሩ፤ ዋና የማይችሉ ሰው ናቸው።

ዝቅታው ውስጥ ውሃው አገጫቸው ድረስ ደረሰ። ከዝቅታው ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ደረታቸው ላይ ሆነ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው እንጃ። በዚህ መሐል ማዕዘኑ ሁለት ጊዜ ሰመጠ፤ ጠረጴዛው ሲንሸራተት በጀርባዬ ደግፌ ያዝኩት፣ እናቴን በክንዴ አቀፍኳት። ልቧ እንደ ወፍ ልብ ሲመታ ተሰማኝ፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

አልጋው መስኮቱን ሲነካ ልብስ ሰፊው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። "እትዬ፣ እጅዎን ይስጡኝ" አሏት። በመስኮቱ አሳለፍኩላቸውና እኔም ተከትዬ ዘለልኩ። ዘለልኩ ማለት ያኮራል፤ ተንሸራትቼ ወደቅኩና የአልጋውን እግር ይዤ ቀረሁ። እናቴ ካስጨበጧት ገመድ ይልቅ የእኔን እጅ ፈልጋ ያዘችው። ማዶ የቀሩት ሴቶችና ወንዶች መሳብ ጀመሩ።

ዝቅታው ላይ ስንደርስ ከኋላችን ቤቱ ወደቀ። አላየሁትም፤ ድምፁን ግን አወቅሁት፤ መጀመሪያ ማዕዘኑ፣ ከዚያ ግንዶቹ፣ ከዚያ ቆርቆሮው።

"ምንድነው?" አለች እናቴ።

"ቤታችን ነው።"

"አባትህ ባሕሩ ደጃፋችንን አልፎ የገባ ሌሊት አልፈራም ነበር" አለች።

አባቴ ሲሞት እኔ ሌላ ከተማ የእንጨት ሥራ እማር ነበር። በሳንባ ምች ነው ብላ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ልብስ ሰፊውም፣ ጎረቤቶቹም ሁሉ እንዲያው ነበር ያሉኝ። ቀና ብዬ ልብስ ሰፊውን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

"ሁላችንም ስንወጣ እሱ ብቻ አልፈራም" አለች። "ቤቱ ይይዘኛል ብሎ ቁጭ አለ።"

እጄን ደረቁ መሬት ላይ ካወጡን በኋላም አልለቀቀችውም።